የወገብ ልክ

ገዳሪፍ፣ መስከረም 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አንዳርጋቸው፣ ጎንደር

ጋሼ፣ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ውስጥ የታምሬን ግራ ዓይን ሦስት ጊዜ ጠይቀው የእኔን ጤና አንድ ጊዜም አለመጠየቅዎን ሳይ፣ አልተለወጡም ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ የራሴን ረስቼው ነው መሰለኝ።

የእህትዎ ልጅ ታምሬ ደርሷል። ከመተማ ከሚመጡ አጫጆች ጋር በጭነት መኪና መጥቶ ሱቄ በር ላይ ቆመና "ያዕቁብ ተርዚ የምትባለው አንተ ነህ?" አለኝ። እዚህ አገር ልብስ ሰፊን ተርዚ ነው የሚሉት፤ ድንበር በተሻገረ በሦስተኛው ቀን ዓረብኛ ጀምሯል። አሁን ፋሽጋ እርሻ ላይ ሰሊጥ እያጨደ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ከተማ ይመጣል። ዓይኑ ቀልቷል እንጂ ያያል። አቧራ ነው ይላል። እውነቱን ነው፣ እዚህ አቧራ አይጠፋም። ቀኝ ዓይኑም እዚያው አቧራ ውስጥ ነው የሚውለው፤ እሱ ግን አልቀላም።

"እዚያ አገር ማንን ከማን የሚያጋጥመው ማነው?" ላሉኝ፣ ሙዘይን ነው። ሙዘይን የሰሊጥ ደላላ ነው። ገዢና ሻጭ ያገናኛል፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ቦክሰኛን ከቦክሰኛ ያገናኛል፤ ሁለቱን ሥራ ለያይቶ የሚያያቸው አይመስለኝም። አጨዳው አልቆ ሠራተኛው ኪሱ ሞልቶ ከተማ ሲገባ፣ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን ግቢ ገመድ ይወጥራል፣ ገለባ የሞላበት ጆንያ ያነጥፋል፣ ከዚያ ያልተጣሉ ሰዎች ይደባደባሉ። በአጋጣሚ የሚሆን ነገር የለም። አጋጣሚው ራሱ ሙዘይን ነው።

ታምሬን አይቶታል። ባለፈው ዓርብ ልጁ ለጨዋታ ያህል ጓንት አጥልቆ አንድ የትራክተር ሾፌር በሁለት ቡጢ መሬት አስቀመጠ። ሙዘይን ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ሱቅ ሻይ መጠጣት ጀምሯል። ልጁ ግን "አጎቴ ሳይፈቅድ አልጋጠምም" ብሎታል። ስለዚህ ሦስታችንም የእርስዎን ደብዳቤ እየጠበቅን ነው።

ተማሪዎ ያዕቁብ


ጎንደር፣ ጥቅምት 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለያዕቁብ፣

ስለ ጤናህ ያልጠየቅሁህ፣ እንዲህ ረዥም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እንደማይታመም ስለማውቅ ነው።

የዓይኑ ነገር አቧራ አይደለም። ለእናቱ ያልነገርሁትን ላንተ ልንገርህ። ነሐሴ ላይ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። በግራ ዓይኑ ውስጥ ያለችው የምታየዋ ስስ ሽፋን ልትላቀቅ ጥቂት ነው የቀራት፣ አንድ ከባድ ቡጢ ካረፈበት ዓይኑ ይጠፋል አለኝ። ታምሬም ቁጭ ብሎ ሰምቷል። እህቴ አሰጋሽ የምታውቀው ልጇ ሰሊጥ ሊያጭድ መሄዱን ብቻ ነው።

ሙዘይን ይሁን ማን፣ ለገንዘብ ከሆነ አልፈቅድም። ያስተማርሁህን አልረሳኸው እንደሆን፣ ገንዘብ ብቻ ያለበት ግጥሚያ ጨረታ ነው። ቀበቶ ያለበት ግጥሚያ ሥርዓት አለው። ማን ከማን እንደሚገጥም የሚወስነው ደረጃ ነው፤ ኪሎ ይታያል፣ ተራ ይጠበቃል፣ ገንዘብ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ልጅ ዐሥራ አንድ ጊዜ አሸንፎ ለሰው የሚያሳየው አንድ ነገር የለውም። ቀበቶ ቢኖር ኖሮ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግራውን ሸፍኖ ይገባ ነበር። ከዚያ ቀበቶውን ይዞ ይመጣና ጓንቱን ሰቅሎ ከእኔ ጋር ልጆች ያስተምር ነበር። ግን ገዳሪፍ ውስጥ ቀበቶ የለም። ስለዚህ አይጋጠም።

በሰሊጥ ሥራ እንዳይመነምን የልጁን ልክ ላክልኝ። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ቅደደው።

አንዳርጋቸው


ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ደብዳቤዎን ቀድጄዋለሁ። አሁን የምነግርዎትን ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ቀበቶ አለ። ሙዘይን "የምሥራቅ ሒዛም" የሚባል ነገር እንዳለ ለከተማው አስታውቋል፤ ሒዛም ያው ቀበቶ ነው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ስሙን የሰማ ሰው አልነበረም፣ አሁን ግን ሻይ ቤት የሚውሉት ሽማግሌዎች ከእንግሊዝ ጊዜ ጀምሮ እንደነበረ ይመሰክራሉ። አንደኛው እንዲያውም አባቱ ተሸንፎበታል። ከየት መጣ ብለው አይጠይቁኝ።

ሐኪሙ ያለውን ለታምሬ አስታወስሁት። "አውቃለሁ" አለኝ። "ጋሼ ቀበቶ መኖሩን ሰምቷል?" ብሎ ጠየቀኝ። እጽፍለታለሁ አልሁት። ይኸው ጻፍሁ።

ልኩን ባዘዙኝ መሠረት ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ወገብ 28 ኢንች፣ ደረት 37፣ እጅጌ 25፣ የሱሪ ቁመት 41። ያሰቡት ኮት ከሆነ እዚህ ጥሩ ጨርቅ ስላለ ከዚያ አይግዙ።

ያዕቁብ


ጎንደር፣ ኅዳር 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ያዕቁብ፣

ልክ ስልህ ኪሎ ማለቴ ነው። ቦክሰኛ ነበርህ እኮ፤ መርፌው ሁሉን አስረሳህ? የእጅጌ ርዝመት ምን ያደርግልኛል? የሰሊጥ ሚዛን አይጠፋም፣ እሱ ላይ አቁመህ ጻፍልኝ።

ስለ ቀበቶው የጻፍኸውን ደጋግሜ አነበብሁት። ሁለት ቀን አሰብሁበት። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ነበር፣ አሁንም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይጋጠም። ግራ ጓንቱ ከጉንጩ አይውረድ። በሹፌሩ በደጉ እጅ የጥርስ መከላከያ ልኬለታለሁ፣ ሳይታጠብ አፉ እንዳያስገባው።

አሁን የምጠይቅህን አንድ በአንድ መልስልኝ። ተጋጣሚው ማነው? ኪሎው ስንት ነው? ቀበቶውን ያወጣው ማነው? አይተኸው እንደሆን ምን ይመስላል?

ትናንት አሰጋሽ ብቻህን ምን ያስቅሃል አለችኝ። ምንም አልሁ።

አንዳርጋቸው


ገዳሪፍ፣ ኅዳር 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ረመዳን ነው፣ ዒድ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ነው፣ ከተማው በሙሉ በአንድ ቀን አዲስ ልብስ ሊለብስ ወስኖ ጨርቁን እኔ ላይ ከምሮታል። የዘገየሁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ታምሬን የሰሊጥ ሚዛን ላይ አቆምሁት፤ ስድሳ ኪሎ። ሚዛን ያዡ ጆንያውን ልቀንስልህ ወይ አለኝ።

ተጋጣሚው ቱርካ ይባላል፣ የከሰላ ሰው ነው። ስሙ የታወቀ ነው። ዕድሜውን ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ፣ ቀኝ እጁ ከባድ መሆኑን ግን ሦስቱም አልተለያዩበትም። ስለ ኪሎው ሙዘይንን ብጠይቀው "ሙሽኪላ የለም፣ ይስተካከላል" አለኝ። የማን ወደ ማን እንደሚስተካከል አልነገረኝም።

ቀኑ ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ ነው። አጫጆቹ ለገና ወደ አገራቸው ሳይገቡ ማለት ነው።

ቀበቶው ምን እንደሚመስል ከእኔ የተሻለ የሚነግርዎ አያገኙም፤ የምሰፋው እኔ ነኝ። ቆዳው ለግመል ኮርቻ ታስቦ የነበረ የበሬ ቆዳ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ነሐስ የሻይ ትሪ ነበር፤ አንጥረኛው ሁለት የማሽላ ዛላና አንድ ንስር ቀርጾበታል፣ ንስሩ ትንሽ ዶሮ ዶሮ ይላል። ሠላሳ አራት ኢንች ስለሆነ ብዙ ቆዳ በልቷል። ክሩን በሰም አሽቼ ሁለት ጊዜ ነው የምመልሰው። እስከ ዛሬ ከሰፋሁት ሁሉ ያምራል።

ያዕቁብ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1995 ዓ.ም.

ያዕቁብ፣

ሁለት ደብዳቤዎችህን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው የምጽፍልህ። በጥቅምቱ የታምሬ ወገብ 28 ነው። በኅዳሩ ቀበቶው 34 ነው።

ልክ አታውቅም ብዬ ተቆጥቼህ ነበር። ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ።

ግጥሚያው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ያሸነፈ ሰው ሳይኖር የአሸናፊውን ወገብ ከየት አመጣኸው? ቀበቶውን ያወጣው ማነው ብዬ ጠየቅሁህ፣ አንተ ስለ ሻይ ትሪ ነገርኸኝ።

ፈቃዴን አንሥቻለሁ። ታምሬን ወደ ቤቱ ላክልኝ።

አንዳርጋቸው


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1995 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታ አላበዛም፤ የሚያምርብኝ አይመስለኝም።

ልኩን ያገኘሁት ከሲባጎ ነው። ሙዘይን ሁለት ቦታ የተቋጠረ ሲባጎ አምጥቶ "በዚህ ልክ ስፋልኝ" አለኝ። የማን ወገብ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የታምሬ እንዳልሆነ አውቅ ነበር፣ ስለዚህ አለመጠየቄ ካለማወቅ አልነበረም። በኋላ ቱርካ ለዒድ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ፣ መለኪያዬ ሠላሳ አራት ላይ ቆመ።

ቀበቶው የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ደብዳቤዎን ቀደድሁት እንጂ አልረሳሁትም። ሙዘይን ሻዩን እያማሰለ "ይሄ ልጅ ገንዘብ ይጠላል እንዴ?" አለኝ። እኔ ደግሞ ቀልድ ሲመጣልኝ መዋጥ አይሆንልኝም፣ "አጎቱ ቀበቶ ከሌለ አይፈቅድም" አልሁት። ሳቀ። በማግስቱ ሲባጎውን ይዞ መጣ። እርስዎ ቀበቶ ካለ ገንዘብ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል ይላሉ። እዚህ ገንዘብ ሱቄ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ቀበቶውን አዝዞ፣ ንስሩን ትንሽ ተለቅ አድርገው ብሎኝ ነው የወጣው።

"ታዲያ ቁጥሩን ኅዳር ላይ ለምን ጻፍህልኝ?" ይሉኝ ይሆናል። አምልጦኝ ነው ብል ደስ ይለኛል። ወይም ደግሞ በግልጽ ለመናገር ፈርቼ እርስዎ ራስዎ እንዲደርሱበት ፈልጌ ነው። የትኛው እንደሆነ ለይቼ አላውቀውም።

ወደ ቤቱ ላክልኝ ያሉትን ለታምሬ ነገርሁት። ሱሪ በሚለካበት መጋረጃ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የሲባጎውንም ነገር አልደበቅሁትም። ምንም አልደነገጠም።

"ያዕቁቤ፣ እኔ መች ቀበቶ አልኩ?" አለኝ። "ቀበቶው የጋሼ ነው።"

ለካ እሱና ሙዘይን ተዋውለው ከጨረሱ ሰንብተዋል። አራት ዙር ቆሞ ይጫወታል፣ በአምስተኛው ይወድቃል። ቱርካ ቀበቶውን ይወስዳል፣ እሱ ገንዘቡን። በገንዘቡ ካርቱም ሄዶ ዓይኑን ይታከማል። ዓይኑን ሊያሳክም ዓይኑን ያስመታል ማለት ነው። እስቲ አስረዳኝ አልሁት፤ አስረዳኝ። ክፋቱ፣ ሲያስረዳኝ ልክ ይመስላል።

ድንበር የሚያሻግረው የሥራ ወረቀቱ ሙዘይን እጅ ነው። ታምሬ ግን ወረቀቱን አይደለም የሚያነሣው፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ነው የሚለኝ። አራቱም ዙር ውስጥ የቱርካ ቀኝ እጅ አለ። ቀኝ እጅ የሚያርፈው የት እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

እኔን አይሰማኝም፣ አይፈረድበትም። እርስዎ ይጻፉለት። ደጉ ማክሰኞ ጎንደር ይገባል፣ ቅዳሜ ይመለሳል።

ያዕቁብ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

ያዕቁብ፣ ይህን ለታምሬ አንብብለት። ምንም አትጨምርበት።

ታምሬ፣

ዐሥራ ሁለት ዓመት አለመውደቅን አስተማርሁህ። መውደቅ አስተምሬህ አላውቅምና ደህና አድርገህ ስማኝ።

ቃሌን ሰጥቻለሁ ካልህ ግባ። ግን አምስተኛውን ዙር አትጠብቅ። በመጀመሪያው ዙር፣ የመጀመሪያዋ ቡጢ ጓንትህን እንደነካች ውደቅ። ፊትህን እስክትነካ አትጠብቅ። በቀኝ ጎንህ ውደቅ፣ ግራ ክንድህ ዓይንህ ላይ ይሁን። ከሥር ያለው ገለባ ነው ብሎኛል ያዕቁብ፣ አይጎዳህም። ዳኛው መቁጠር ሲጀምር ቶሎ የሚያልቅ እንዳይመስልህ። ሰዎች በስምህ ይጠሩሃል። የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው። አትነሣ። ዐሥር ከተባለ በኋላ ተነሥተህ ውጣ፣ ለማንም አታስረዳ።

ሙዘይን ገንዘቡን ይከለክልሃል። ይከልክልህ። የዓይንህን ነገር እኔ አለሁ።

ጋሼን አሳፈርሁት ብለህ እንዳታስብ። ቀበቶ ያልሁት እኔ ነኝ።

አጎትህ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥዎ ታምሬ ራሱ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሊጠይቁኝ የሚፈልጉትን በዓይንዎ እያዩት ነው። የሥራ ወረቀቱ እዚህ ቀርቷል። ደጉ እስከ ድንበሩ፣ እስከ ገላባት ያደርሰዋል፣ ከዚያ ድልድዩን ትቶ በደረቁ ወንዝ ይሻገራል።

ደብዳቤዎን በዋዜማው አነበብሁለት። ምንም አልጨመርሁበትም። "የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው" የሚለውን ድገምልኝ አለኝ፣ ደገምሁለት። ተነሥቶ ሄደ። ይሁን አላለም፣ እምቢም አላለም።

ዓርብ ግቢው ሞልቶ ነበር። ከፋሽጋ፣ ከዶካ፣ እስከ ፋው ድረስ ካለው እርሻ ሁሉ ነው ሰው የመጣው። የኛ ሰዎች በአንድ በኩል ቆመው ገና ሳይጀመር ይዘፍኑለት ነበር። ሙዘይን ቀበቶውን ከፍ አድርጎ ለአራቱም ማዕዘን አሳየ። ከሩቅ ሲታይ ንስሩ ንስር ይመስላል።

ደወሉ ተመታ። የቱርካ የመጀመሪያ ቡጢ የታምሬን ጓንት ነካች። ልጁ በቀኝ ጎኑ ወደቀ፣ ልክ እንደጻፉለት። እየወደቀ ሳለ ግን ቱርካ ሁለተኛውን ልኮ ነበር፤ የት እንዳረፈች ከቆምሁበት አላየሁም። በኋላ ጠየቅሁት። "ጓንቴን ነው" አለኝ።

ዳኛው መቁጠር ጀመረ። የሚቆጥረው ሙዘይንን እያየ ነው፤ ሙዘይን ደግሞ አምስት ዙር ብሎ ሰው ሰብስቦ በአንድ ደቂቃ ሊያልቅበት ነው። እንዲህ ዓይነት አቆጣጠር አይቼ አላውቅም። ሰባትን ሁለት ጊዜ ቆጠራት። መጀመሪያ የሳቀ ሰው ነበር። ከዚያ ግቢው ዝም አለ። አጠገቤ ባንታምላክ የሚባል የቋራ ሰው ቆሞ ነበር፤ አጨዳውን ሁሉ ከታምሬ ጎን ያጨደ ነው። ጓደኞቹ ለገና ሲገቡ እሱ ይህን ሊያይ ቀርቶ ነበር። አልጮኸም። ከጎኑ የተኛ ሰው የሚቀሰቅስ ይመስል "ታምሬ፣ ተነሥ እንጂ" አለው። "ላንተ ብዬ እኮ ነው የቀረሁት።" ስምንት ላይ ታምሬ ጉልበቱን ሰበሰበ። ሊነሣ ነው አልሁ በልቤ። ከዚያ ክንዱን መልሶ ዓይኑ ላይ አደረገና ተኛ።

ስለ እኔ የሚነገር አንድ ነገር ይቀራል። ሐሙስ ዕለት፣ ቀበቶውን ከማስረከቤ በፊት፣ ሃያ ስምንት አድርጌ ቆርጬዋለሁ። ሙዘይን ቱርካን ሊያስታጥቅ ሲጠመጥምበት ከኋላ አንድ ስንዝር ጎደለ። ቱርካ ሆዱን ሳበ። ሙዘይን ጎተተ። አንዱ ከኋላ "ለማን ነው የተሰፋው?" ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ ሙዘይን ኪሱን ፈትሾ አንድ ነገር አወጣና ሁለቱን ጫፍ አገናኝቶ አሰረው። ያው ሲባጎ ነው። የምሥራቅ ቀበቶ ወደ ከሰላ የሄደው በሲባጎ ታስሮ ነው።

ታምሬ ገንዘቡን አላገኘም። እኔና ሙዘይን ስለተነጋገርነው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ ወይም አልጽፍም። ሱቄ ለጊዜው ዝግ ነው።

የሆነው ሁሉ ከአንድ ቀልድ ነው የመጣው። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ለመልስ እንዳላስቸኩልዎ ብዬ ነው።

ያዕቁብ


ጎንደር፣ ጥር 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ያዕቁብ፣

ታምሬ የገና ዕለት ገባ። ለአሰጋሽ ሁሉንም ነገርኋት፣ የሐኪሙንም፣ የቀበቶውንም። ከእኔ ጋር አትነጋገርም። ለልጇ ምግብ ስታቀርብ ሳህኑን በቀኝ በኩል ነው የምታስቀምጥለት።

ደብዳቤህን ሲሰጠኝ አላነበብሁትም። ወንበር ላይ አስቀመጥሁት፣ ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ሸፈንሁና አንብብልኝ አልሁት። ጽሕፈትህ ደቃቅ ነው፣ ለዚህ ይሆናል ብዬ ነው።

ጀመረ። ድልድዩን፣ ፋሽጋን፣ ዶሮ የሚመስለውን ንስርህን ሳይደናቀፍ አነበበልኝ። ሰባትን ሁለት ጊዜ ቆጠራት የሚለው ላይ ራሱም ፈገግ አለ። ከዚያ የቋራው ሰው ጋ ደረሰ። "ላንተ ብዬ" አለና ቆመ።

ጠበቅሁት። አልቀጠለም። አይታይህም ወይ ልለው ነበር። እጄን አነሣሁ። መዳፌ ረጥቦ ነበር።

የቀረውን እኔ አነበብሁ። ሰኞ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።

ጤናህ እንዴት ነው? ወገቤን ያመኛል ብለህ ነበር።

አንዳርጋቸው